ደረቁ ቤት

ሐጂ ባህረዲን የተገኙት በዘጠነኛው ቀን ነው፤ ያውም ብረት እንዳይዝግ ብለው ራሳቸው ባሠሩት ክፍል ውስጥ። ቤተሰቡ ወራቤ የሄዱ መስሎት ዘጠኝ ቀን ሙሉ በሰላም በልቷል፣ በሰላም ተኝቷል። ወንድማቸው ከወራቤ ደውሎ «ሐጂ መቼ ነው የሚመጣው?» ብሎ ባይጠይቅ ኖሮ፣ ገና ብዙ ቀን በሰላም ይበላ ነበር።

ክፍሉ መርካቶ ውስጥ፣ ከመሳለሚያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ ካለው የመለዋወጫ ሱቃቸው ጓሮ ነው። ከወፍራም ላሜራ የተበየደ፣ ወርዱም ቁመቱም ሁለት ሁለት ሜትር የሆነ፣ መስኮት የሌለው ክፍል ነው። ተራው ሁሉ «ደረቁ ቤት» ይለዋል። ሐጂ ፋብሪካቸው የተዘጋባቸውን የድሮ ከባድ መኪናዎች ኩሽኔታና መለዋወጫ እየለቀሙ፣ ዘይት በጠጣ ወረቀት እያስጠቀለሉ እዚያ ይዘጉበታል። ከተማው ውስጥ አንድም እስኪጠፋ ዓመታት ይጠብቃሉ። እርጥበቱን እንዲጠጣ ውሃ ያልነካው ኖራ በየሳህኑ ይቀመጣል። በሩ ተዘግቶ ጓጉንቸሩ ከተቆለፈ በኋላ ዙሪያውን ግራሶ ይቀባል፣ በላዩ ፕላስተር ይለጠፋል፣ በፕላስተሩ ላይ ቀንና ፊርማ ይሰፍራል። ፊርማው ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የአንድ ሰው ነው፤ የማስረሻ።

ስለዚህ የአካባቢው ፖሊስ ብዙ አልደከመም። ማሸጊያው ሳይነካ ተገኘ፣ የማስረሻ ፊርማ አለበት፣ ውስጡ ሬሳ አለ። ማስረሻ በዚያው አርብ ከሰዓት ታሰረ፤ ሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ በነፍስ ግድያ ፍርድ ቤት ሊቀርብ ተቀጠረ። ኢንስፔክተር ቦሰና የተጠራችው ለይስሙላ ነበር። አለቃዋ «ሄደሽ እይና ፈርሚ» አላት። ቦሰና ግን ሳታይ የማትፈርም፣ አይታም ቶሎ የማትፈርም ሴት ናት። አለቆቿ የማይወዷት ለዚሁ ነው።

አፍንጫዋን ሳትይዝ ገባች። ረዳቷ ሳጅን በሪሁን በሩ ላይ ቀረ።

«ና እንጂ» አለችው። «አንተን አይነክስህም።»

ሽማግሌው በሩን ተደግፈው እንደተቀመጡ ነበር የሞቱት። የእጃቸው አንጓ አብጦ ቆስሏል፣ ጥፍሮቻቸው ተሰባብረዋል። የበሩ ጠርዝ ቀለም ያልነካው ብረት ነው፤ ዙሪያውን ሁሉ ያብረቀርቃል። የተቀመጠ ሰው አፍ በሚደርስበት ቦታ ላይ ብቻ መዳፍ የሚያህል ዝገት ወጥቷል።

«እዚህ ላይ አፋቸውን ለጥፈው ሲተነፍሱ ነበር» አለች። «አየር ፍለጋ።»

በሩ ላይ በሹል ነገር የተጫሩ አምስት መስመሮች አሉ። ስድስተኛው ተጀምሮ ቀርቷል። ከኪሳቸው የክፍሉ ቁልፍ ወጣ። በግድግዳው ላይ የተንጠለጠለው የማስረሻ ዝርዝር አርባ አንድ ጥቅል ይላል። ቦሰና ቆጠረች። ደግማ ቆጠረች። አርባ ሁለት ነው። አርባ ሁለተኛው ከሐጂ እግር ሥር ወድቋል።

ውጭ ወጥታ ማሸጊያውን አየች። ሲከፈት በቢላ የተሰነጠቀው ፕላስተር ከታች ወደ ላይ፣ አንዱ የሌላውን ጫፍ እየሸፈነ ነው የተለጠፈው። ጓጉንቸሩ የሚገባበትን ብረት በጨርቅ ጠረገችው። ግራሶው ሲነሳ ከሥሩ ቡናማ ምልክት ብቅ አለ፤ የአራት ጣት ቅርጽ፣ ግን የተጎተተ ስለሆነ አሻራው አይነበብም።

«ግራሶ የተቀባ ብረት ይዝጋል እንዴ?» አለ በሪሁን።

«ይኼን የሚያውቅ ሰው እንጠይቅ» አለች።

ሙስአብ የሐጂ አንድ ወንድ ልጅ ነው፤ ሠላሳ ሁለት ዓመቱ። ቅዳሜ ጠዋት ሱቁ ደጃፍ ላይ አገኘችው። በዚያ ሙቀት ነጭ የጨርቅ ጓንት አጥልቋል።

«እጅህን አሞሃል?»

«ደህና ነው።» ጓንቱን አየና ፈገግ ለማለት ሞከረ። «ልማድ ነው። እጄ ብረት ያዝጋል። አንዳንድ ሰው ላቡ እንደዚያ ነው። ነክቶት ያለፈው ብረት ዘይት ቢቀባ እንኳን ከሥር ይበላል። አባባ ለዚህ ነው እዚህ ሱቅ የሚገባውን ወንድ ሁሉ የሚፈትነው።»

«እንዴት?»

«የተወለወለ ብረት ያስጨብጥሃል። ብረቱ እርጥብ ጨርቅ ውስጥ ያድራል። ጠዋት ንጹሕ ከሆነ ትቀጠራለህ። እኔ በአሥራ ሁለት ዓመቴ ነው የወደቅኩት። አምስቱም ጣቴ በዝገት ወጣ። አባባ ያንን ብረት ይዞ ተራውን ሁሉ እየዞረ አሳየ። ‹ይኼ ነው የወለድኩት› እያለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ስሜ ዝገቱ ነው። ሚስቴን ስጠይቅ እንኳን ቤተሰቧ ‹የቱ ሙስአብ? ዝገቱ?› ነው ያለው።»

«ሲያሽጉ አይተህ ታውቃለህ?»

«እኔ? ጓሮ ከገባሁ በዱላ ነበር የሚያስወጣኝ። ትንፋሼም ያዝጋል ይል ነበር።»

«ትጠላው ነበር?»

«አዎ» አለ ሙስአብ፣ ምንም ሳያስብ። ከዚያ እንባው መጣ፤ በጓንቱ ጠረገው።

«በሩ ላይ አምስት መስመር አለ። ምንድን ነው?»

ሙስአብ በጣቶቹ ቆጠረ። «የአባባ የእጅ ሰዓት በጨለማ ያበራል። ሶላት ነው፤ ሌላ ምን ሊቆጥር ይችላል? ያለፈው ሳምንት ሐሙስ ከሰዓት ነው የወጣው፤ አስር፣ መግሪብ፣ ኢሻ፣ ሱብሂ፣ ዙሁር… አንድ ቀን ሙሉ ቆይቷል ማለት ነው። ያረቢ፣ አንድ ቀን ሙሉ!»

«በማግስቱ፣ አርብ ጠዋት፣ እዚህ ነበርክ?»

«ነበርኩ። ድው ድው የሚል ሰምቻለሁ። እህቴን ሪሐናን ስጠይቃት ‹ጎረቤት ነው የሚቀጠቅጠው› አለችኝ። እዚህ ሰፈር ደግሞ የማይቀጠቀጥበት ሰዓት የለም።»

«እሷም ተፈትናለች?»

«ሴት አይፈተንም» አለ ሙስአብ።

ቦሰና ከጎረቤት ሱቅ አራት የኩሽኔታ ቀለበት ገዛች፤ ዘይታቸውን በቤንዚን አጠበች፤ በንጹሕ ወረቀት ጠቀለለቻቸው። በሪሁን ለምን እንደሆነ ጠየቃት። «ለጣታቸው ነው» አለችው።

ሪሐና ሃያ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሱቁን ከባንኮኒው ኋላ ሆና የምታንቀሳቅሰው እሷ እንደሆነች ተራው ሁሉ ያውቃል። ጥቁር ሻርፕ ለብሳለች፣ ዓይኖቿ አብጠዋል፣ መልሷ ግን አጭርና ጥርት ያለ ነው።

«ጋሽ ማስረሻ የዚያን ሐሙስ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ አሽጎ ወጣ። አሞኛል ብሎ ነበር። አባባ ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወራቤ እሄዳለሁ ብሎ ወጣ። እዚያ ሲሄድ ስልክ አይዝም፤ ዕረፍቴ ነው ይላል። ከዚያ ወዲህ አላየሁትም።»

«ከማስረሻ ጋር ተጣልተው ነበር?»

«ረቡዕ። አባባ የአጎቴን ልጅ ፉርቃንን ከወራቤ አምጥቶ ሱቁን ሊሰጠው ነበር። ጋሽ ማስረሻን ‹አርጅተሃል፣ ይበቃሃል› አለው። ጋሽ ማስረሻ ጮኸ። ‹ሃያ ሁለት ዓመት!› አለ። ‹አላህ ያሳይዎት› አለ። ይኼን ለፖሊስ ተናግሬያለሁ፤ ፈርሜያለሁም።»

«ፉርቃን ሱቅ ያውቃል?»

«ፍየል ያውቃል» አለች ሪሐና።

በዚህ መሃል አንድ ገዢ ኩሽኔታ ሊመልስ መጣ። ከባንኮኒው ተንከባለለ። ሪሐና መሬት ሳይነካ ቀለበችው፤ በሻርፗ ጫፍ ጠረገችው፤ ዘይት ጠብ አድርጋ ሁለት ጊዜ አሽከረከረችው፤ ወረቀቱን ጠቅልላ ጫፉን አጠፈችው። ይህ ሁሉ ሲሆን ገዢውን እያናገረች ነበር፤ እጇን አንዴም አላየችውም።

«ጎበዝ ነሽ» አለች ቦሰና።

«እኔ? እኔ ምኑንም አላውቅ። አባባ ሴት ብረት አትነካም ይል ነበር። አሥር ዓመት የነካሁት እስክሪብቶ ብቻ ነው።»

«እንግዲያው እኔም አንቺም አናውቅም ማለት ነው።» ቦሰና ከወረቀቱ አንዱን ቀለበት አውጥታ ሰጠቻት። «ይኼ ምን ይባላል?»

ሪሐና በመዳፏ ገለበጠችው። «የኩሽኔታ የውስጥ ቀለበት ነዋ።» ቀለበቱን መለሰችላት። ቦሰና መልሳ ጠቀለለችውና ስሟን ጻፈችበት።

ሁለተኛውን ቀለበት ለሟች ሚስት ለወይዘሮ ዘኪያ አስያዘቻቸው። እሳቸው ለቅሶ ላይ ስለነበሩ ምን እንደያዙም አላስተዋሉም። ሦስተኛውን ሙስአብ በጓንቱ ሊቀበላት ሲል «ራቁቱን» አለችው። ልጁ እጁን ከጓንቱ ሲያወጣ በአደባባይ ሱሪውን እንዲያወልቅ የታዘዘ ያህል አፈረ። አራተኛውን ይዛ ጣቢያ ሄደች።

ማስረሻ ስልሳ አልፎታል። አግዳሚው ላይ ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

«ጋሽ ማስረሻ፣ እስቲ ይቺን ያዙልኝ።»

ያዛት፤ አያት፤ መለሰላት። ለምን እንደሆነ የገባው ይመስላል።

«ማሸጊያው የኔ ነው» አለ። «ሌላ የምናገረው የለኝም።»

«ስንት ጥቅል ነው ያሸጉት?»

«አርባ አንድ።»

«ውስጥ ያለው አርባ ሁለት ነው። እርስዎ አሽገው ከወጡ በኋላ ሐጂ በራሳቸው ቁልፍ ከፍተዋል። አንድ ጥቅል ሊጨምሩ። በሩ ከኋላቸው ተዘጋ። ያ ጓጉንቸር ደግሞ ቁልፍ አይፈልግም፤ ጫን ካሉት ይዘጋል። ከዚያ አንድ ሰው እንደገና አሸገው። ልክ እንደ እርስዎ።»

ማስረሻ መሬት መሬት አየ።

«ሥራውን ለማን ነው ያስተማሩት?»

«ለማንም» አለ። መልሱ ከጥያቄው ቀድሞ የመጣ ያህል ፈጠነ።

«ሰኞ ፍርድ ቤት ሲቀርቡ በዚሁ ዝምታ ይዘልቃሉ? ዕድሜ ልክ ነው፣ ጋሽ ማስረሻ። እዚያው ነው የሚሞቱት።»

«ልጅ የለኝ፣ ሚስት የለኝ» አለ ማስረሻ። «የትም ብሞት አንድ ነው።» ከዚያ ልትወጣ ስትል ጠራት። «ቶሎ ነው የሞቱት? አየር ሲያጥር… ቶሎ ነው አይደል?»

ቦሰና ቀለበቷን በወረቀቱ መልሳ ጠቀለለች። ይህን ሽማግሌ በዚያች ደቂቃ ወደደችው፤ ልትሠራው ያለው ነገር ምን ያህል እንደሚጎዳውም አወቀች።

ሰኞ ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ላይ ሁሉም ጓሮው ውስጥ ደረቁ ቤት ፊት ለፊት ተሰበሰቡ። ዘኪያ በርጩማ ላይ ተቀመጡ፤ ልጆቻቸው በግራና በቀኝ ቆሙ። ማስረሻ እጁ በካቴና ታስሮ ከበሪሁን ጎን ቆመ። ወደ ፍርድ ቤት የሚወስደው መኪና በር ላይ ይጠብቃል።

«ይኼ በር የዚያን ሐሙስ ዕለት ሁለት ጊዜ ታሽጓል» አለች ቦሰና። «ጠዋት በጋሽ ማስረሻ፣ አርባ አንድ ጥቅል ይዞ። ከሰዓት ደግሞ በሌላ ሰው፣ አርባ ሁለት ጥቅልና አንድ ሰው ይዞ።»

«ሁለተኛውም እሱ ቢሆንስ?» አለች ሪሐና።

«ጥሩ ጥያቄ ነው። ሁለተኛው ሰው ሲቸኩል የቀድሞውን ግራሶ በባዶ እጁ ጠረገ፤ ከዚያ አዲስ ቀባበት። የእጁ ላብ ግን ከግራሶው ሥር ቀረና ብረቱን በላው። ይኸው፣ አራት ጣት። የሚያዝግ እጅ ነው።»

የሁሉም ዓይን ወደ ሙስአብ ዞረ። እናቱ ሳይቀሩ ዞሩ። ሙስአብ ጓንት ያጠለቀ እጁን ከኋላው ደበቀ።

«አውቄዋለሁ» አለ። «እንደሁልጊዜው እኔ ነኝ አይደል?»

«ቆይ» አለች ቦሰና። አራቱን ወረቀት የጓሮው ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችና ፈታቻቸው። «ሁለት ሌሊት እርጥብ ጨርቅ ውስጥ አድረዋል። የጋሽ ማስረሻ፦ ንጹሕ። የእትዬ ዘኪያ፦ ንጹሕ። የሙስአብ፦ እንደምታዩት።» የሙስአብ ቀለበት በጣቱ ልክ ቀልቷል። «ይኼኛው ደግሞ የሪሐና ነው።»

የሪሐና ቀለበት ከወንድሟ የባሰ ነበር።

ሪሐና ቀረብ ብላ አየችው። አነሳችው፣ ገለበጠችው። እስከዚያ ድረስ ምንም ያልተለወጠው ፊቷ ያን ጊዜ ተበላሸ። «የኔ አይደለም» አለች። «ቀይረሽዋል። የኔ እጅ ንጹሕ ነው!»

«ማን ነገረሽ? አባትሽ ወንዱን ሁሉ ፈተኑ፤ አንቺን ለመፈተን እንኳን አልቆጠሩሽም። እጅሽ እንደ ወንድምሽ መሆኑን እስከ ዛሬ አላወቅሽም። ሙስአብ ግን ከአሥራ ሁለት ዓመቱ ጀምሮ ያውቃል፤ ባዶ እጁን ብረት አይነካም፣ የቤቱን በር እንኳን በጓንት ነው የሚከፍተው። ይኼን ብረት በባዶ እጁ ያበሰው ሰው እጁን የሚያምን ሰው ነው።»

«ማሸግ አላውቅም! ማንም ያውቃል፣ እኔ…»

«ቅዳሜ ዕለት የወደቀ ኩሽኔታ ቀልበሽ፣ ጠርገሽ፣ ቀብተሽ ጠቅልለሻል፤ ሳታይው። እስክሪብቶ ብቻ የነካ እጅ እንደዚያ አይሠራም። ይኼ ፕላስተር ከታች ወደ ላይ ነው የተለጠፈው፤ ጠል ሲወርድ በመገጣጠሚያው እንዳይገባ። ትናንት በሪሁን በተራው ያሉ አሥራ አንድ ሱቆች ውስጥ ካርቶን አሳሽጎ አየ፤ ሁሉም ከላይ ነው የጀመሩት። ከታች የሚጀምር አንድ ሰው ነው፤ እሱና ያስተማረው። ጋሽ ማስረሻ፣ ስንት ዓመቷ ነበር?»

ማስረሻ ዓይኑን ጨፈነ። «ዘጠኝ» አለ። «አባቷ ዙሁር ሊሰግዱ ሲወጡ በኋላ በር ትመጣለች። ‹ጋሼ አሳየኝ› ትለኛለች። በሰባት ወር ከእኔ በላይ ሆነች። ሐጂ እንዳይሰሙ ብዬ… ሐጂ የተገኙ ዕለት በሩን ሳየው የእሷ እጅ መሆኑን አወቅኩ። ፊርማዬን ከእኔ አሳምራ ነው የምትፈርመው።»

«ስለዚህ ሊሞቱላት ወሰኑ። እሷ ደግሞ አርብ ማታ ቃሏን ስትሰጥ ‹በሐጂ ላይ የዛተው ማስረሻ ነው› ብላ ፈርማለች። ‹አላህ ያሳይዎት› ብለዋል ብላለች።»

«አላልኩም» አለ ማስረሻ ቀስ ብሎ። ወደ ሪሐና አየ። «እኔ እንደዚያ አልኩ?»

ሪሐና ቀለበቱን ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው።

«ፉርቃን ሊመጣ ነበር» አለች ቦሰና። «አሥር ዓመት ያቆምሽውን ሱቅ ፍየል ጠባቂ ሊወስደው ነበር። ሐሙስ ዘጠኝ ሰዓት ላይ አባትሽ አርባ ሁለተኛውን ጥቅል ይዘው ገቡ። በሩን ገፋሽው።»

«ጠየቅኩት» አለች ሪሐና። ድምፅዋ አሁን ዝቅ ብሎ ነበር። «ጥቅሉን ሲያስገባ በሩ ላይ ቆሜ ጠየቅኩት። አባባ ሱቁን ለኔ ስጠኝ አልኩት። ሳይዞር ነው የመለሰልኝ። ‹ትንፋሽሽ ገባ፣ ሂጂ› አለኝ። ዘጋሁት። ማስፈራራት ነበር የፈለግኩት።»

«ከዚያ ግራሶ ቀባሽ።»

«አዎ።»

«ፕላስተር ለጠፍሽ። ፈረምሽ። በማግስቱ አርብ ደግሞ መጥተሽ ሱቅ ከፈትሽ። አባትሽ አንድ ቀን ሙሉ በሩን መቱ፤ አንቺ አሥር እርምጃ ርቀት ላይ ሆነሽ ዕቃ ሸጥሽ።»

ዘኪያ ከበርጩማው ተነሱ፤ የሙስአብን ትከሻ ያዙ።

«ምን አለ?» አሏት። «ልጄ፣ አባትሽ እዚያ ውስጥ ሆኖ ምን አለ?»

ሪሐና ወደ በሩ ዞረች። «ጆሮዬን ብረቱ ላይ ሳደርግ ይሰማ ነበር። መጀመሪያ ጋሽ ማስረሻን ጠራ፤ ብዙ ጊዜ። ከዚያ ሙስአብን። ‹ልጄ ሙስአብ› አለው፤ ዝገቱ አላለውም። አንቺንም ጠራሽ፣ እማ። ማታ ደግሞ የጎረቤቱን ዘበኛ ጠራ። አርብ ጠዋት ድምፁ ሲደክም የሞተችውን እናቱን ጠራ። እኔ በሩ ላይ ነበርኩ። አሥር ጊዜ ሄጄ ቆሜያለሁ፤ ቢላውም በእጄ ነበር፣ ፕላስተሩን ልቀድደው። አንድ ጊዜ ‹ሪሐና› ቢል እከፍትለት ነበር።»

በሪሁን ካቴናውን ከማስረሻ እጅ ፈትቶ ለሪሐና አሰረላት። ማስረሻ ነጻ መሆኑ ተነገረው፤ ሄደህ መተኛት ትችላለህ ተባለ። እሱ ግን መኪናውን ተከትሎ እስከ በሩ ድረስ ሄደ፤ ሊያናግራት ፈልጎ ነበር። ሪሐና መስኮቱ አጠገብ ተቀምጣለች። ወደ እሱ ሳትዞር መኪናው በመሳለሚያ በኩል ወጣ።